ይበላል ወይ?

ለቡ ሙዚቃ ሰፈር ካለው ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን ቆጣሪ አንባቢ፣ አጥሩን ታክካ የቆመችውን ዛፌን አንጋጦ ያያትና አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። ስሟን አይደለም። ዕድሜዋንም አይደለም። «ፍሬው ይበላል?» ነው የሚለኝ። አበባዋን አይቶ «ሲያምር!» ያለ ቢኖር እንኳ «ግን ይበላል?» ማስከተሉ አይቀርም። እኛ አገር ዛፍ ሆኖ ለመኖር ወይ መበላት ነው፣ ወይ ማገር መሆን ነው። ማገርነቱን በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ጠቅልሎ ስለወሰደው፣ ለሌላው የቀረለት መበላት ብቻ ነው። የእኔዋ ከሁለቱም የለችበትም። ዓመታት ሙሉ ስለሷ በተጠየቅኩ ቁጥር «እ... ይበላል፤ ግን...» እያልኩ ኖሬያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን አገር ምድሩ ችግኝ ሲተክል ዋለ፤ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉም በዜና ተነገረ። ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱ የእኔ ናቸው። ከመሥሪያ ቤት በአውቶቡስ ተጭነን፣ አዲስ ቲሸርት ለብሰን፣ አንድ ኮረብታ ላይ ስንንሸራተት ዋልን። ስመለስ ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ደረቴ ደግሞ ኩራት ሞልቶት ነበር። ከታክሲ እንደወረድኩ አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ፤ ለአገር አሥራ አንድ የተከልኩ ሰውዬ፣ በገዛ ግቢዬ ያቆምኩት ነገር ቢኖር የልብስ ማስጫ ገመድና ዲሽ ነው። መንገድ ዳር ችግኝ የደረደረ አንድ ልጅ ፊት ቆምኩ።

«ፋዘር፣ ይቺን ውሰዳት» አለኝ፤ በጥቁር ላስቲክ የተተከለች፣ የእስክሪብቶ ውፍረት ያላት እንጨት አንስቶ። «የጨንቻ ፖም ናት። የተዳቀለች! በሁለት ዓመት ነው የምትበላው።»

ጨንቻ ሲለኝ ልቤ ቀለጠ። ከአርባ ምንጭ በዶርዜ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ጉም ውስጥ የሚገኝ፣ ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ የሆነ የጋሞ ደጋ ነው። ሚሲዮናውያን በአውሮፓውያን 1950ዎቹ ፖም አምጥተው ተክለውበት፣ ዛሬ ገበሬው ፍሬውንም ችግኙንም ለሌላው አገር ይሸጣል። «የተዳቀለች» ያለውን ደግሞ ልጁ በጣቱ አሳየኝ። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እብጠት አለ። ከእብጠቱ በታች ያለው የአንድ ዛፍ ሥር ነው፤ በላይ ያለው ደግሞ ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ከሌላ ዛፍ ተቆርጦ የተቀጠለ።

«ሥሩ ጉልበት ነው ፋዘር። ላዩ ጣዕም።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አነበብኩ፤ ይህን ያህል ያጠረና የጠራ ማብራሪያ ግን አልገጠመኝም። ምነው ቃሉን ያኔ በደንብ ሰምቼው ቢሆን!

ቤት ስገባ ባለቤቴ መጀመሪያ ሱሪዬን፣ ቀጥላ ችግኟን አየች።

«ምንድን ነው?»

«ፖም።»

«ይበላል?»

«በሁለት ዓመት።»

«እስከዚያው ሙዝ እንበላለን። ሱሪህን በረንዳ ላይ አውልቀህ ግባ።»

ልጄ ግን በደስታ ሰከረች። «አባዬ አፕል ገዛ» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው። ማታ የጎረቤት ጎረምሳ በር አንኳኩቶ «ስንት ጊጋ ነው?» አለኝ። ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው፤ ስሙ የመጣው በቀድሞው ዘመን ከነበረው ሽቦ አልባ የሬዲዮ ጣቢያ ስለሆነ፣ እዚህ አካባቢ አፕል የተባለ ሁሉ ስልክ ነው ቢባል አይፈረድም።

ከአጥሩ ባሻገር ሻለቃ አሉ። ጡረተኛ ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። በማግስቱ ስቆፍር አገጫቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «ለዛፍ ነው ለታንክ?» አሉኝ። ጉድጓዱን ያሰፋሁት በምክንያት ነበር። የለቡ አፈር ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ ይቀማል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ ቁልፍ ይውጣል። ፖም ደግሞ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መክረም አይሆንለትም። አሸዋና ፍግ ቀላቅዬ፣ መሬቱን እንደ መደብ ከፍ አድርጌ ተከልኳት። ዙሪያዋን በእንጨት አጠርኩ። አጥሩ ለልጆች ኳስ ታስቦ የተሠራ እንጂ ለሌላ ጠላት አልነበረም።

ጳጉሜን 2 የእንቁጣጣሽ በግ ተገዛ። ገመዱን ራሴ ነኝ የለካሁት። በማግስቱ ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ልጄና ጓደኞቿ ደጅ ወጥተው እየጮሁ ሲታጠቡ፣ እኔም በረንዳ ላይ ቆሜ ልጅነቴን እያስታወስኩ ስስቅ፣ በስተኋላዬ ረጋ ያለ የማኘክ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል በጉ አንድ ቅጠል ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሎ በትሕትና ያየኛል። ከችግኟ የቀረው ሁለት ጣት የምታህል ጉቶ ነው። እብጠቱም፣ ላስቲኩም፣ ጣዕሙም በጉ ሆድ ገብቷል።

በሁለት ዓመት ይበላል የተባለው በአርባ አንድ ቀን ተበላ። በአራዳ ቋንቋ እኔም ተበላሁ። ሴት ልጅ ብትሆን ኖሮ ለክርስትናዋ ገና ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ይቀራት ነበር። በጉን በበዓሉ ቀን በላነው፤ «ሥጋው ፖም ፖም ይላል» ብል ከማዕዱ አንድ ሰው እንኳ ፈገግ አላለም። እስካሁን የመጀመሪያው የፖም ምርቴ ብዬ የምመዘግበው ያንን ጥብስ ነው።

መስቀል እንዳለፈ ጉቶዋ ጎን ሁለት ቀያይ ቡቃያ አየሁ። በደስታ ባለቤቴን ጠራኋት፤ ሻለቃንም ጠራኋቸው። «ከሞት ተነሣች!» አልኩ። ሻለቃ ዝቅ ብለው መረመሩና «ቆስላ የተረፈች ወታደር ከአዲስ ምልምል ትሻላለች» አሉኝ። እሳቸውም በቅናት ይሁን በወንድማማችነት፣ በዚያው ሳምንት ሄደው አንዲት የተዳቀለች ፖም ገዝተው አጥሩን ተጠግተው ተከሉ። በግ ግን ከዚያ ወዲህ ሲገዙ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ነው የሚያስሩት።

ዛፍ የተከለ ሰው እስኪያድግለት ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ያነባል። እኔም አነበብኩ። ፈረንጅ ሔዋን የበላችው ፖም ነው እያለ በየሥዕሉ ሲያሳጣው፣ በእኛ ዘንድ ዛፉ ዕፀ በለስ በመሆኑ ፖም አገራችን ሲገባ ክስ የለበትም። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም መኃልየ መኃልይ ላይ ሌላው ፖም የሚለውን እነሱ እንኮይ ብለው አገርኛ አድርገውታል። ቤተ ዘመዱን ሳጠና ግን ደነገጥኩ። ፖም የጽጌረዳ ወገን ነው፤ እዚያው ቤተሰብ ውስጥ እረኛ የሚለቅማት ቀጋ አለች፣ እንጆሪ አለ፣ ኮክ አለ፣ ጥቁር እንጨት አለ። ኮሶም አለ። አያቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው የሚጠጡት ያ ኮሶ ለፖም የሥጋ ዘመድ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «በየትኛው ወገን እንደምትወጣ እናያለን» አለች።

ደግሞ ቫቪሎቭ የሚባል ሩስያዊ የእፅዋት ሊቅ አለ። በአውሮፓውያን 1927 አገራችን መጥቶ፣ በበቅሎ እየዞረ የስንዴና የገብስ ዘር ሲለቅም ከረመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1929፣ ዛሬ አልማቲ በምትባለው የካዛክስታን ከተማ ዙሪያ ተራራውን የሸፈነ የዱር ፖም ጫካ አየና የፖም እናት አገር ይህ ነው አለ። የከተማዋ ስም ራሱ ከፖም የመጣ ነው። የእኛዋ በአበባ ተሰየመች፣ የእነሱ በፍሬ። ያ ሁሉ ዘር የሰበሰበ ሰው በ1943 እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። እኔ ደግሞ አንዲት ዛፍ ሥር ተቀምጬ ምነው ዘገየች እላለሁ።

በእርግጥም ዘግይታለች። ሁለቱ ዓመት አለፈ፤ ሦስተኛውም አለፈ። አጥሩን በልጣ፣ እሾህ ቢጤ አጫጭር ቅርንጫፍ አውጥታ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆና ቆመች። አበባ የሚባል የለም። የሻለቃ ግን በ2014 ዓ.ም. ጥቂት አበበች፤ ፍሬ ባትይዝም ማበቧ ብቻ አንገቴን አስደፋኝ። በዚህ መሐል የባለቤቴ አጎት ሊጠይቁን መጡ። ሆለታ ግብርና ምርምር ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ከሰው ጋር ሲያወሩ እንኳ ዓይናቸው ቅጠል ላይ የሚሆን ሰው ናቸው። ዛፏን ዞር ዞር ብለው አዩና ጠየቁኝ።

«ትተኛለች?»

«ማን?»

«ዛፏ። በዓመት ውስጥ የምትተኛበት ጊዜ አላት?»

«ጋሼ፣ እንቅልፍ የላትም። ዓመቱን ሙሉ ቆማ ነው የምታድረው።»

«እሱ ነው በሽታዋ።»

አስረዱኝ። ፖም የብርድ አገር ሰው ነው። ክረምቱ ሲመጣበት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ በበቂ ሰዓት ካልቆጠረ ቡቃያው አይነቃም። ደንበኛው የአውሮፓ ዝርያ እስከ 1,000 ሰዓት ይፈልጋል። 1,000 ሰዓት አርባ ሁለት ቀን ገደማ ነው፤ «ጾመ ነቢያትን ያህል በለው» አሉኝ አጎት። የአዲስ አበባ ብርድም የሚበረታው በዚያው በነቢያት ጾም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ግን ጎህ ሲቀድ ለጥቂት ሰዓት ቆንጥጦን ይሄድና ረፋዱ ላይ ጃኬት ያስወልቃል። ዛፏ እንቅልፍ ሊይዛት ሲል ፀሐይ ትቀሰቅሳታለች። «ስለዚህ» አሉ አጎት፣ «ራስህ ታስተኛታለህ። ኅዳር ላይ ቅጠሏን አንድ በአንድ ልቀም። ጃቫ ደሴት ላይ፣ ባቱ የሚባል ደጋ አገር፣ ገበሬው ፖሙን እንዲህ እያደረገ ነው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርተው። ሌላም አለ፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለዋል፤ ወደ ጎን ጎንበስ አድርጋቸው። ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ቁመት እንጂ ፍሬ አያስብም።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ስትሰማ ኖሯል። «ልጁን አንድ ቀን አስተኝቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ ዛፍ ሊያስተኛ ነው!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። አጎት «የተዳቀለች ናት አይደል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «የጨንቻ ናት፣ የተዳቀለች» አልኩ። የበጉን ጉዳይ ዋጥኩት። በዚያ ዕድሜዬ የገመድ ርዝመት መለካት አቃተኝ ብዬ ለሊቅ መንገር አሳፈረኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ የዛፍ በሽታ ነው የሸሸግኩት።

ኅዳር ላይ መሰላል ተደግፌ ቅጠል መልቀም ጀመርኩ። ቅጠሉን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው የሚነቅሉት፤ አለበለዚያ ከሥሩ ያለችው ቡቃያ አብራ ትላጣለች። አንድ ቅርንጫፍ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ዛፏ መላጣዋን ቆመች። ቀጥሎ ባዶ ሃይላንድ ሰብስቤ፣ አሸዋ በግማሽ ሞልቼ፣ በሲባጎ በየቅርንጫፉ ጫፍ አንጠለጠልኩ። አሥራ ሰባት ሃይላንድ ነበር። ንፋስ ሲመጣ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁለት ሌሊት ሲጮህባቸው አደረ።

መንገደኛው መቆም ጀመረ። አንዱ «ወፍ ማባረሪያ ነው?» አለ። አንዱ ውሃው ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀ። ከሐና ማርያም በኩል ነጠላቸውን አጣፍተው የሚመጡ አንዲት እናት ደግሞ በር ላይ ቆመው ካማተቡ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ጠበሉ ለምን ለምን ይሆናል?» አሉኝ። እውነቱን ብነግራቸው ከጠንቋይ እንዳይቆጥሩኝ ፈርቼ «ለእንቅልፍ ነው» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም።

የካቲት 2015 አንድ ማለዳ ጥርሴን እየፋቅኩ ስወጣ፣ ቅርንጫፉ ላይ የክብሪት ራስ የሚያህሉ ሮዝ ነጠብጣቦች አየሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ተከፈቱ። ሲዘጉ ሮዝ፣ ሲከፈቱ ነጭ፤ አምስት አምስት ቅጠል፣ መሐላቸው ቢጫ ብናኝ። አፍንጫዬን ሳስጠጋ የቀጋ ሽታ ሽው አለኝ፤ ዘመዳሞች ናቸው ብዬ የለ! ባለቤቴ ሳትቀር ቡና ይዛ ወጥታ ሥሯ ተቀመጠች። ያን ሳምንት ማንም ስለ መብላት አልጠየቀኝም። ሆኖም የሻለቃ ዛፍ ቀድማ አብባ አርግፋ ስለነበር፣ የእኔዋ ብቻዋን አብባ ብቻዋን ረገፈች። ፍሬ የለም።

አጎት ዘንድ ደወልኩ። «ብቻዋን እንዴት ትያዝ?» አሉ። ፖም በራሱ ብናኝ አይፀንስም፤ ከሌላ ዝርያ ፖም ብናኝ መምጣት አለበት፣ ያም አበባው በአንድ ጊዜ ሲገጥም ነው። እኔ ደግሞ በሰፈሬ ንፋስ ተማምኜ ነበር። ንፋስ ስልክ ተቀምጬ የሚያገናኝ ንፋስ ይጠፋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? የፖም ብናኝ ግን ከባድና ተጣባቂ ነው፤ ንፋስ አይሸከመውም። መልእክተኛው ንብ ነው። እንግዲህ በእኛ ክፍለ ከተማ እንኳ ፖም ከፖም የሚደዋወለው በንብ ስልክ ነው።

በቀጣዩ ኅዳር መሰላሉን ሳወጣ ሻለቃም በራሳቸው ግቢ መሰላል ላይ ሆነው አየኋቸው። «በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ትእዛዝ» አሉኝ ሰዓታቸውን እያዩ። እውነትም ሁለታችን በአንድ ቀን ጀምረን በአንድ ቀን ጨረስን። የካቲት 2016 ሁለቱ ዛፎች በአንድ ሳምንት አበቡ። ንቦቹ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ሲመላለሱ የቀበሌ ስብሰባ ይመስል ነበር።

ፍሬ ያዘች። ትንንሽ፣ አረንጓዴ፣ በረጅም ጭራ ተንጠልጥለው፣ አምስት ስድስት ሆነው በአንድ ላይ። ሚያዝያ ላይ የአተር ያህል ነበሩ። ግንቦት ላይ የብይ ያህል። ሰኔም ሆነ፣ የብይ ያህል። ሐምሌ ቀሉ፤ አሁንም ብይ ናቸው። ልጄ አንዱን ቆርጣ ነከሰችና ዓይኗ ተጨፈነ፤ እጇን አፏ ላይ ይዛ «አባዬ፣ ጥርሴን አጠረሰኝ!» ብላ ሮጠች። እኔም ቀመስኩ። ሎሚ ነው፣ ያልበሰለ ኮክ ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ያ አፍ የሚያደርቅ ነገር አለ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ «የኮሶ ወገን ነው የወጣችው» ብላ ፈረደች።

ፎቶውን ሚኒሶታ ላለችው እህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች፤ ሳቋ ከሰላምታዋ ቀደመ።

«ይህማ ክራብ አፕል ነው! እዚህ መንገዱን ሁሉ ሞልቶታል። ለአበባው ነው የሚተክሉት፣ ፍሬውን ወፍ ነው የሚበላው። አንተ አምስት ዓመት ሙሉ ይህንን ነው ስታስተኛ የነበረው?»

ልጄ መዝገበ ቃላቷን ገልጣ «ክራብ ማለት ሸርጣን ነው» ብላ አረዳችኝ። ፖም ስል ሸርጣን ያዝኩ። አጎትን ደወልኩላቸውና ዝርዝሩን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይቺ ዛፍ በልጅነቷ ምን ደርሶባታል?» አሉ። ነፍስ አባት እንጂ የእርሻ ሰው አይመስሉም ነበር። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ በጉን፣ ገመዱን፣ ጉቶዋን።

«ተወው ተወው» አሉ፤ «ገባኝ። በጉ የበላው ላዩን ነው። ያደገልህ ሥሩ ነው።»

ሥሩ ጉልበት፣ ላዩ ጣዕም። ልጁ መንገድ ዳር ቆሞ ነግሮኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ያበላሁት፣ ያጠጣሁት፣ በፈረቃ ከሚመጣው ውሃ በጀሪካን እየቀነስኩ ያሳደግኩት ጉልበቱን ኖሯል።

ለማንኛውም እህቴ አንድ ዘዴ ላከችልኝ፤ ማርማላታ ይሠራል። ይህ ጎምዛዛ ፍሬ ፔክቲን የሚሉት የሚያረጋ ነገር ሞልቶታል አለች። ሁለት ባልዲ ለቀምን። በግማሽ በግማሽ ሰንጥቀን፣ ውሃ አልብሰን፣ ብረት ድስት ውስጥ ጣድነው። ቆዳው ፈንድቶ እንደ አጥሚት ሲሆን፣ በንጹሕ ሻሽ ቋጥረን በወንበር እግር ላይ አንጠልጥለን ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥንበት። ሻሹን መጭመቅ ክልክል ነው፤ ይደፈርሳል። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል አደረ፤ ጠዋት የጽጌረዳ ቀለም ያለው ጭማቂ አገኘን። ከዚያ ስኳር። እህቴ «አንድ ብርጭቆ ለአንድ ብርጭቆ» ስትል ሚኒሶታ ሆና ነው፤ ስኳር እዚህ ስንት እንደሚገዛ ረስታለች። ባለቤቴ ግን ስትሰፍር ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት መስሎኝ ኋላ ነው ሒሳብ መሆኑን ያወቅኩት።

መፍላት ሲጀምር መብራት ጠፋ። ከሰል ተቀጣጠለ። ልጄ ከፍሪጅ ቀዝቃዛ ሳህን ታመጣለች፣ እናቷ ጠብታ ታሳርፍበታለች፣ ሦስታችን ጎንበስ ብለን በባትሪ እናያለን፤ በጣት ሲገፉት ካልተጨማደደ ገና ነው። በስድስተኛው ሳህን ላይ ጠብታው እንደ አሮጊት ግንባር ተጨማደደ። እልል አልን።

አራት ብልቃጥ ወጣ። ባለቤቴ ሒሳቧን ይፋ አደረገች፤ በስኳሩና በከሰሉ ገንዘብ ከሱቅ ደንበኛ ፖም፣ ያውም ቀዩ፣ ከነላስቲኩ ይመጣ ነበር። በድፎ ዳቦ ላይ ቀብተን ስንበላ ግን ሒሳቡን አላነሣችም፤ ሁለተኛ ቁራጭም ቆረሰች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሻለቃ በአጥሩ ጠሩኝ። የእሳቸው ዛፍ፣ ያቺ ሁለት ዓመት በከንቱ ስታብብ የነበረችው፣ አሥራ ዘጠኝ ፖም አንጠልጥላለች። ዋዛ አይደሉም፣ ቡጢ የሚያህሉ ናቸው። አጎት መጥተው ቅጠሏንና ፍሬዋን አይተው አና የተባለችው ዝርያ ናት አሉ፤ እስራኤል አገር የተገኘች፣ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ብርድ የሚበቃት፣ ለእንደኛ ዓይነቱ አየር የተፈጠረች። «አና ግን ያለ ወንድ አትይዝም» አሉ ጮክ ብለው። የሻለቃ ባለቤት ጓዳ ሆነው ይህን ሰምተው «አና ደግሞ ማን ናት?» እያሉ ወጡ።

እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። «ሻለቃ» አልኩ፤ «ታዲያ ወንዱ ማነው? በዚህ ሰፈር ከእኔ ሌላ ፖም ያለው አለ? እነዚህ አሥራ ዘጠኙ የእኔ ልጆች ናቸው።» አጎትም መሰከሩልኝ፤ በትልልቅ የፖም እርሻ ክራብ አፕል በየመሐሉ የሚተከለው ለዚህ ሥራ ነው፤ አበባው ብዙ ነው፣ ብናኙም ለሁሉም ይተርፋል። ዛፌ በአንድ ጊዜ ከሸርጣንነት ወደ አባወራነት ከፍ አለች። «ድርሻዬን» አልኩ። «ቢያንስ እኩል።»

ሻለቃ ጥቂት አሰቡ። «ያንተስ ብዮች የማን ልጆች ናቸው? እኔ ጠይቄህ አውቃለሁ?»

«ማርማላታ አልላክሁልዎትም?»

«ልከሃል። አንድ ብልቃጥ።»

ክርክሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ፤ ሽማግሌው አጎት ናቸው። አጎት አንዱን ፖም በወርዱ ለሁለት ሰነጠቁት። መሐሉ ላይ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ አለ፤ በየጫፉ ክፍል ቡናማ ዘር ተቀምጧል። «ሥጋው» አሉ በቢላው ጫፍ እያሳዩ፣ «ሙሉ በሙሉ የእናትየዋ ነው። አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ አና አና ነው የምታፈራው። አባትየው ያለው ዘሩ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ግማሹ።» ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው ላይ ርኅራኄ ነበር። «ደግሞ የፖም ዘር ብትተክለው እናቱንም አባቱንም አይመስልም። ምን እንደሚወጣው እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።»

ማታ በሩ ተንኳኳ። የሻለቃ የልጅ ልጅ በማዕድ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዞ ቆሟል። «አያቴ ድርሻዎ ነው ብለዋል» አለኝ። ጨርቁን ገለጥኩ። ታጥበው የደረቁ፣ በሥርዓት የተሰለፉ ሰባት የፖም ዘሮች ናቸው።

አጎት እዚያው አድረው ስለነበር ምን እንደማደርጋቸው ጠየቅኳቸው። ዘሩም መተኛት አለበት አሉኝ፤ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ወር። ባለቤቴ ሳቋን አፍና ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ አቀበለችኝ። ዘሮቹን ጠቅልዬ ከትቼ፣ ከበርበሬው ጀርባ አስተኛኋቸው። ማንም እንዳይነካብኝ ወረቀት ቆርጬ «አይበላም» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት።

ጠዋት ወተት ላወጣ ፍሪጁን ስከፍት፣ ከጽሑፌ ሥር በልጄ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ይህ ማስታወቂያ በጎችንም ይመለከታል።»